እማ ያየችው ሠላሳ ደቂቃ

ውድ ወንድሜ ሮሴንዶ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? ያ የፈረደበት ወገብህ ከዓሣ ማቀዝቀዣው ብርድ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ያጎብጥሃል? ባለቤትህስ ሰልማ ደህና ናት? ልጃችሁ ብራይስ ጥርስ አወጣ? የዋልቪስ ቤይ ጭጋግ ከእኛው አይለይም ብለኸኝ ነበርና፣ መስኮት ስትከፍት አገርህ ያለህ እየመሰለህ ተጽናና። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እማ ደህና ናት፣ ምላሷ ደግሞ ከእሷ የበለጠ ደህና ነው። እኔም ከናፍቆትህና ከግራ ጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

ይህን ወሬ በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ ለቅሶዬ ይቀድመኛል፣ አንዴ ደግሞ እማ አጠገቤ ቆማ «እንደሱ አይደለም!» እያለች ስልኩን ትነጥቀኛለች። ስለዚህ እሷ የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ ጠብቃ ዛጎል ለቀማ ስትወርድ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ይኸው እየጻፍኩልህ ነው። አሁን እንደ ልቤ ላውራ!

አልፈናል ሮሴንዶ! የፖርቶቬዶ ሴቶች ቡድን ከመጪው ዓመት ጀምሮ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ይጫወታል። እኔ እህትህም ባለፈው እሁድ፣ የአምበልነቱ ጨርቅ ክንዴ ላይ እንደታሰረ፣ ኳስ አቆምኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አማካይ! ሦስት ከተማ፣ ሁለት የጉልበት ቀዶ ጥገና፣ አራት ጊዜ የብሔራዊ ቡድን ጥሪ፣ ጠዋት ሣርዲን ማሸግ፣ ከሰዓት ልምምድ። ይሁን፣ አልቆጭም።

አንድ ነገር ብቻ እንደሚያንገበግበኝ አንተ ታውቃለህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ወደ ሳራጎሳ ልሄድ ስነሳ፣ እማ በዛጎል ለቃሚዎቹ ማኅበር ስሜን ለማስመዝገብ ስድስት ዓመት ደጅ ጠንታ ገና መፈቀዱ ነበር። «ይህን ጥለሽ ኳስ ተከትለሽ ከሄድሽ፣ በሕይወት እያለሁ ኳስ ሜዳ እግሬ አይረግጥም» አለች፤ አልረገጠምም። የጉልበቴ ጅማት በተቀደደ ጊዜ ሁለቱንም ጊዜ ሆስፒታል መጥታ ገላዬን አጥባኛለች፣ ስንት ለስንት ወጣችሁ ብላ ግን አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። በቴሌቪዥን የታየሁ ዕለት እንኳን ባልዲ ላጥብ ብላ ወጣች። ሁለት ዓመት ሆነኝ ወደ አገሬ ቡድን ከተመለስኩ፤ ሜዳው ከቤታችን ደጃፍ ይታያል፣ እሷ ግን መንገድ ቀይራ ነው የምታልፈው።

በፋሲካ «አትለምኛት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ንገሪያት» ያልከኝን ይዤ ዓርብ ዕለት ድንች ስትልጥ ደረስኩባት። «እማ፣ እሁድ ስድስት ሰዓት የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው» አልኳት። ቀና እንኳን ሳትል «እንግዲህ አንዴ ልይና ይውጣልኝ» አለች። አቤት! ልቤ በአፌ ልትወጣ ምንም አልቀራት። የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ኦቲሊያ ይህን ስትሰማ ጊዜ የእማን ስም እየጠራች «ዶሲንዳ ከሄደችማ ማን ይቀራል!» ብላ ማስታወቂያ ጽፋ ለቃሚዎቹ ሁሉ በሚያዩት ሰሌዳ ላይ ለጠፈች። እኔም ከፊት አርባ ወንበር አስያዝኩ።

እሁድ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሜዳው ጢም ብሏል፣ አርባው ወንበር ግን ባዶ። አጎታችን ኤላዲዮ ብቻውን መሃላቸው ተጎልቷል። ይመጣሉ አልኩ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ማንም የለም። ዓይኔ ከኳሱ ይልቅ በሩ ላይ ነው። በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ለተከላካያችን የመለስኩ መስሎኝ ኳሱን ለባላጋራችን አጥቂ እጅ በእጅ አስረከብኳት። ጎል! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጥፋት ሠርቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ውስጥ ነበርኩ ብዬ አልዋሽህም፤ ቀረች፣ ዛሬም ቀረች እያልኩ እየተንገበገብኩ ነው የሮጥኩት።

ልጆቹ ግን እጅ አልሰጡም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ትንሿ አጥቂያችን አንቲያ ከማዕዘን ምት በጭንቅላቷ አስቆጠረችና አንድ እኩል ሆንን። ከሳምንት በፊት በእነሱ ሜዳ ያደረግነው የመጀመሪያው ጨዋታም እኩል ስለነበር ተጨማሪ ሠላሳ ደቂቃ ተሰጠ። አሰልጣኛችንን ማርጋን «ቀይሪኝ፣ ዛሬ እኔ የለሁም» አልኳት። እሷ ደግሞ በያዘችው ውሃ ፊቴን አጠበችኝና «ከእናትሽ ጋር ቤት ገብተሽ ትጣያላችሁ፤ አሁን ኳሷን አምጪልኝ» ብላ ገፍታ አስገባችኝ።

ፊሽካው ሲነፋ ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በሩ ተከፈተ። አርባ ሴት! የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የጆሮ ወርቃቸውን አድርገው፣ በዓሣ ሞልተው የጋገሩትን ኢምፓናዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ እየተሳሳቁ፣ ቀጠሮ አክባሪ ነን ብለው ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። እማ ወይን ጠጅ ሹራቧን ለብሳ ከፊት ናት። እትዬ ኦቲሊያ መስመሩ ጋ ስታየኝ «አንቺ ልጅ፣ ገና ሳይጀመር እንዲህ በላብ የተጠመቅሽው ምን ነክቶሽ ነው?» ብላ ጮኸች። ኤላዲዮ «ሊያልቅ ነው እኮ እናንተ ሰዎች! የት ከርማችሁ ነው?» ቢል፣ «ስምንት ሰዓት አይደል እንዴ!» አሉት አርባዎቹ ባንድ አፍ።

ገባህ አይደል? እትዬ ኦቲሊያ ማስታወቂያውን የለጠፈችው የውሃው ሽሽት ሰዓት በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ነው። እዚያ ላይ ያለ ሰዓት ሁሉ የፀሐይ ሰዓት ነው፣ የእጅ ሰዓታችን ደግሞ በበጋ በሁለት ሰዓት ስለሚቀድመው ሁለት ይጨመርበታል፤ ይህን የማያውቅ ለቃሚ የለም። ስድስት ሰዓት ይላል፣ ሁለት ጨመሩ፣ የጻፈችው ኦቲሊያ ራሷ እንኳን ደምራ፣ እማም እኔ በአፌ የነገርኳትን ትታ ሰሌዳውን አምና፣ በስምንት ሰዓት ከች አሉ! እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ሰሌዳው ላይ ባየው ኖሮ እንደዚያው ነበር የማደርገው።

አልቀረችም ሮሴንዶ! ያ ሁሉ ንዴት ብን ብሎ ጠፋ፣ የጉልበቴም ሕመም ተረሳኝ። ከኋላዬ ጩኸቱ ሌላ ነው። «አንቺ ዳኛ፣ ዓይንሽ አሸዋ ገብቶበታል እንዴ?» «ያቺን ረጅሟን ያዟት፣ ይዛችሁ አስወጧት!» በመሃል የእማ ድምፅ ብቻውን «ዝም በሉ እስቲ፣ ልይበት!» ይላል። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ተከላካያቸው ኳሱን ወዴት እንደምትልከው ከእግሯ አነሳስ አወቅኩባት። ሳትመታው እዚያ ደርሼ ጠበቅኩና ነጠቅኩ፣ ቀና ብዬ በሁለቱ መሃል ሰንጥቄ ለአንቲያ ላክሁላት። አንቲያም አላሳፈረችኝም። ሁለት ለአንድ! እልልታውን ብትሰማው፣ ባሕሩ ማዶ ያሉት ሁሉ ሰምተውታል!

ፊሽካው እንደተነፋ እማ አጥሩን አልፋ ሜዳው መሃል ድረስ መጣች። ያ አልረግጥም ያለችውን ሣር እየረገጠች ነው፣ ልብ ያለችውም አልመሰለኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ኳሷ ገና ሳትመጣ እዚያ ቆመሽ ጠበቅሻት። እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። «አንቺስ ዛጎሉ ከየትኛው አሸዋ ሥር እንዳለ እንዴት ታውቂያለሽ?» አልኳት። «እኔማ ዝም ብዬ ነዋ!» አለች። «እኔም ዝም ብዬ ነው እማ።» እውነትሽን ነው እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ሮሴንዶ፣ በዚያች ቅጽበት ዋንጫ ቢሰጡኝ አልቀበልም ነበር።

ከዚያማ «ግን ይኸው ነው? ለግማሽ ሰዓት ነው አሥራ ሰባት ዓመት ያንገላታችሁኝ?» ብላ ልትቀልድ ስትል ኤላዲዮ እውነቱን አፈረጠው። ዘጠናው ደቂቃ እንዳመለጣት ስታውቅ ወደ ኦቲሊያ ዞረች፤ መዓት ወረደ። ኦቲሊያም «እኔ ሰዓቱን ጻፍኩ እንጂ ደምሩ መች አልኩ?» ብላ ኢምፓናዳዋን ታቅፋ ሸሸች። እማ ንዴቷን ስትጨርስ ጎትታኝ «ለመሆኑ የሚቀጥለው እሁድ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። የለም እማ፣ ጨርሻለሁ፣ የመጨረሻዬ ነው ብዬሽ አልነበር ወይ አልኳት። «ምን ማለትሽ ነው? እኔ ገና መጀመሬ እኮ ነው!» ብላ ማርጋን ልትለማመጥ ሄደች። ማርጋም ከመስከረም ጀምሮ ትንንሾቹን ልጆች እንዳሠለጥን ተስማምተን ነበርና ይህንኑ ነገረቻት። እማ ለእነሱም ልምምድ እመጣለሁ ብላለች፤ ለልጆቹ እግዜር ይሁናቸው።

በል እንግዲህ፣ ሰልማን ጥብቅ አድርገህ ሳምልኝ። ብራይስን ጉንጩን ነክሰህ ከአክስትህ ኖኤሊያ ነው በለው። ኤላዲዮ እኔ በሰዓቱ ነበርኩ ብለሽ ጻፊልኝ እያለ ሰላምታውን ልኮልሃል። እትዬ ኦቲሊያም ሰላም ብላሃለች፣ ስሟን እንዳላጠፋው ለምናኛለች። ማርጋና አንቲያም እጅ ነስተዋል።

እማ ትናንት ደብዳቤ ልጽፍልህ እንደሆነ ስነግራት የዛጎል መጫሪያዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰላምታውን፣ ምርቃቱን፣ ወገብህን አትርሳው የሚለውን ሁሉ ትለኛለች ብዬ እስክሪብቶ ይዤ ጠበቅኩ። «እህትህን ስትጫወት አየኋት ብለሽ ጻፊለት። ሌላ ምንም አትጨምሪ» አለችኝ።

የምትወድህ እህትህ
ኖኤሊያ

ፖርቶቬዶ፣ ጋሊሲያ
ሜይ 29 ቀን 2019