ያላለቀሰችው ልጅ እና ያልተባለው ቃል

ለክቡር የአዋላጅነት ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ተብላለች፣ አልተባለችም ስለሚባልላት አንዲት ቃል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎና ግድግዳዎ ላይ በመስታወት የተሰቀለው የምስጋና ወረቀት ሁላችሁም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ለጆሮዎ ጤንነት እመኛለሁ፤ ጆሮን ለይቼ ያነሳሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አንዱን ሬዲዮ በሌላው ለማዳን ስሞክር ሁለቱንም እያቃጠልኩ የተማርኩት ነው። ጽሕፈትንም የተማርኩት በዚያው መንገድ ስለሆነ ዐረፍተ ነገሬ የሆነ ቦታ ላይ ቢጨስ አይደንግጡ። ከእርስዎ ጋር የሚያገናኘኝ የእህቴ ልጅ ናት። በትምህርት ክፍልዎ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ወይም ነበረች፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚወስኑት እርስዎ ስለሆኑ ለክብርዎ ስል ሁለቱንም ጽፌያለሁ።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። የተማሩ ሰዎች በቁጥር የቀረበላቸውን ነገር ሳያነቡ አይጥሉም ሲባል ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሚሚ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው፣ እርስዎ የሚያውቁትን እንደገና ብናገር ይቅርታ ያድርጉልኝ። በትምህርት ክፍልዎ የመለማመጃ ክፍል ውስጥ ሁለት አሻንጉሊቶች አሉ። አንደኛዋ ከወገቧ በላይ ምንም የሌላት የላስቲክ ሴት ስትሆን ተማሪዎቹ «ወይዘሮ ጎማ» ይሏታል። ሁለተኛዋ ከእሷ ውስጥ እየወጣች እንደገና የምትገባው ሕፃን ናት፤ ስሟ ሚሚ ነው። ተማሪ ሲፈተን ሚሚን ያዋልዳል፣ ያደርቃል፣ ደረት ላይ ያስተኛል፤ የሚያደርገውንም ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ፈታኙም እየሰማ ምልክት ያደርጋል። ሚሚ ማልቀስ ስለማትችል ተማሪው በእሷ ፈንታ «አለቀሰች» ማለት አለበት።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የተፈተነች ጊዜ ሚሚን አዋልዳ፣ አድርቃ፣ አቅፋ ዝም አለች። ፈታኟ «አለቀሰች ወይስ አላለቀሰችም?» ስትላት ሚሚን አየት አደረገችና «አላለቀሰችም» አለች። ነጥብ ተቀነሰባት። ክቡርነትዎ፣ ለእውነት ነጥብ የሚቀንስ ተቋም ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም ብል እዋሻለሁ፤ ይህን ያህል በንጽሕና የሚያደርገውን ግን አላየሁም፤ ጓንት ሁሉ አድርጋችሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ወደ ቤታችን መጣ። የምታዋልዳት ሴት ስላልተገኘች ምጡ ለእኔ ደረሰኝ። ሶፋው ላይ ተጋድሜ፣ ትራስ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ፣ ጢሜን እያሻሸሁ ስንቴ እንደወለድኩ እኔና ሶፋው ነን የምናውቀው። እህቴ ከጓዳ ብቅ እያለች፣ ሚስት እንኳ ሳላገባ ቤቱን በልጅ እንደሞላሁባት፣ ልጆቼም ሁሉ አራት ማዕዘን እንደሆኑ ትነግረኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን አትስቅም። ትራሱን ተቀብላ «አለቀሰች» ትላለች። ትራስ መቼ እንዳለቀሰ ስጠይቃት «ጋሼ፣ አታስቀኝ፤ ካላልኩ ይቀነስብኛል» ትለኛለች።

ቀስ በቀስ ቃሏ እንደ ማስነጠስ ሆነላት። እጇ ላይ እርጥብና ለስላሳ ነገር ካረፈ አፏ ሳይጠይቃት ይለዋል። አንድ ቀን የታጠበ ልብስ እንድታሰጣ ባቀብላት፣ ተቀብላ «አለቀሰች» አለች። የዚያን ቀን ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ሁለተኛ ተፈትና ሙሉ ነጥብ አገኘች። ስለዚህ ጥሩ ሥልጠና ማመስገን ግዴታዬ ነው፤ እውነትም በጥሩ ሁኔታ ሠልጥናለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ማዋለጃ ክፍሉ።

እዚህ ላይ ልቀልድ ሞክሬ እጄ እንቢ ስላለኝ ነገሩን እንደሆነው እጽፈዋለሁ። የእህቴ ልጅ ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል በነበረችበት ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት መጣች። ደጁ ላይ ስትደርስ ልጇ ልትወጣ ተቃርባ ስለነበር የሕፃኗን ልብ የሚያዳምጥ ሰው ጊዜ አላገኘም። ሕፃኗ ሕይወቷ ያለፈው እዚያው ማህፀን ውስጥ ሳለች፣ እናቷም ከቤቷ ሳትነሳ ነበር። ይህንንም ሐኪሙ ተናግሯል፣ እርስዎ የመደቧቸው አጣሪዎችም ተስማምተውበታል፤ በሕፃኗ ሞት ማንም ሰው ጥፋት የለበትም። እኔም በዚህ ጉዳይ ማንንም አልከስም።

የተቀበለቻት የእህቴ ልጅ ናት። ሕፃኗ እርጥብ ነበረች፤ ሞቃት ነበረች፤ ጣቶቿ፣ ጥፍሮቿ፣ ሽፋሽፍቷ ሁሉ የተሟላ ነበር። እጇ ላይ ስታርፍ አፏ ሳይጠይቃት «አለቀሰች» አለ።

እናቲቱ ሰማች። ከዚያ ሁሉ ምጥ በኋላ ሳቀች፤ «እሰይ» አለች።

ወዲያው ሌሎቹ አዋላጆች ሕፃኗን ከመጋረጃው ወዲያ ወስደው ትንፋሽ ሊሰጧት ሞከሩ፤ አልሆነም። አባትየው በሌላ በር ተጠርቶ ተነገረው፤ እናቲቱ ገና ከአልጋ ሳትነሳ፣ ልጇንም ሳታይ፣ ወስዶ ቀበራት። ኋላ ሞታ ነው የተወለደችው ሲሏት እናቲቱ የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ አልቅሳለች፤ አለቀሰች ተብሎ ተነግሮኛል፤ ማልቀሷንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያለቀሰችውን አምጡልኝ አለች።

ሦስተኛ፣ ስለ እርስዎ ጥበብ።

ክቡርነትዎ ጉዳዩን የያዙበት ብልኃት አድናቆቴን አትርፏል። እናቲቱን ሆስፒታሉ ላይኛው ፎቅ በሚገኘው ቢሮዎ አስጠርተው፣ ውኃም አስቀርበውላት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል በማንም እንዳልተነገረ፣ በምጥ የደከመች ሴት ያልተባለ ነገር ልትሰማ እንደምትችል በትዕግሥት አስረዷት። በዚያው ሳምንት የእህቴ ልጅ ታችኛው ፎቅ ላይ ተጠርታ፣ «ተገቢ ያልሆነ ቃል በመናገር» ከትምህርቷ መታገዷ ተነገራት፤ ከእናቲቱ ጋር ብትገናኝ ደግሞ ለዘለቄታው እንደምትሰናበት ተጨመረላት።

እንግዲህ ቃሏ ላይኛው ፎቅ አልተባለችም፤ ደረጃውን ወርደው ታችኛው ፎቅ ሲደርሱ ተብላለች። እኔ ሬዲዮ ስጠግን ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ አንድን ድምፅ በአንድ ጊዜ እንዲኖርም እንዳይኖርም የሚያደርግ መሣሪያ ግን አላጋጠመኝም። ቢያስተምሩኝ ክፍያ አይጠይቁኝም ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ስለሆነው።

እናቲቱ በየቀኑ ሆስፒታሉ በር ላይ ትመጣለች። ከጥበቃው ቤት አጠገብ ያለችው የሲሚንቶ እርከን ላይ ትቀመጣለች፤ የታጠፈ የሕፃን ብርድ ልብስ ጭኗ ላይ ነው። የማዋለጃ ክፍሉ መስኮት ከእሷ በላይ ስለሆነ አዲስ የተወለደ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ታዳምጥና «አይደለችም» ብላ አንገቷን ትመልሳለች። ጥበቃው ይህን ሲነግረኝ ዓይን ዓይኔን አላየኝም። ሰው አንድ ጊዜም ያልተሰማን ድምፅ ከሌላው እየለየ ሲቀመጥ ማየት፣ ፈረቃ ለመለወጥ በቂ ምክንያት እንደሆነ ነው የነገረኝ።

እኛም ቤት ነገሩ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ያቺ ቃል ቤታችን ገብታ ተቀምጣለች፤ ማንም አይጠራትም፣ ሁሉም ይዞራታል። የጎረቤት ልጅ ሲያነባ እህቴ «ድምፅ አሰማ» ነው የምትለው። የእህቴ ልጅ ልብስ ማጠብ ትታለች፤ እርጥብ ነገር ስትይዝ ከንፈሯን በጥርሷ ትይዘዋለች። ቀን ቀን ሱቄ መጥታ ትቀመጣለች። ጣቢያ የሳተ ሬዲዮ ሲያሿሿ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጠዋለች። ምን እንደምትሰማ ብጠይቃት «ሕፃኗ ዝም ያለችበትን ቦታ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔ እንግዲህ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማላጣ ሰው ነኝ ይባላል። ሬዲዮውን አጠፋሁት። ዝምታው ከሬዲዮው የባሰ ሆነብኝና መልሼ ከፈትኩት።

አምስተኛው አቤቱታ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው።

ክልከላዎን ጥሰናል። ይህን የምነግርዎ ከሌላ ሰው ሰምተው ቅር እንዳይልዎ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ፣ ብትባረርም እንደምትሄድ ነገረችን፤ እናቷ ትምህርትሽስ አለቻት፤ እሷም ይህን ይዤ ማንን አዋልዳለሁ አለች። እኔ ተከትያት ሄድኩ፤ ማን እንደመከራት ከተጠየቀች እኔን እንድትጠራ ብዬ ነው።

እርከኑ ላይ ከእናቲቱ አጠገብ ተቀመጠች። ማን እንደሆነች፣ ቃሉን የተናገረችው እሷ እንደሆነች፣ ሕፃኗ ግን ከመጀመሪያው ዝም እንዳለች ነገረቻት። ለምን እንዳለችውም ነገረቻት፤ ስለ ሚሚም፣ ስለ ነጥቡም፣ ስለ ትራሱም። እናቲቱ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ አልተቆጣችም። ብርድ ልብሱን አስተካክላ አጠፈችና፣

«ታዲያ ያለቀሰው ማን ነበር? ሰምቻለሁ እኮ» አለቻት።

«እኔ ነበርኩ» አለች የእህቴ ልጅ።

ክቡርነትዎ፣ ይህን እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሌሎቹ አዋላጆች ሕፃኗን ከእጇ ሲቀበሏት ከመጋረጃው ወዲያ ገብታ፣ አፏ ላይ ፎጣ ይዛ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ፎጣው ግን ድምፁን ሁሉ አልያዘላትም። እናቲቱ በምጥ ደክማ የሰማችው የሌለ ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ ጆሮዋ ደኅና ነበር። በደብዳቤዬ መግቢያ ላይ ለጆሮ ጤንነት የተመኘሁት ለዚህ ነው።

አባትየው ሰው ሳይጠራ፣ ማንም ሳያለቅስ ነበር ልጅቱን የቀበራት። እናቲቱ የእህቴን ልጅ እጅ ወስዳ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችውና «እንግዲያው ያለቀሰላት ሰው ነበር» አለች።

ልመናዬ አጭር ነው። የእህቴን ልጅ ወደ ትምህርቷ ይመልሱልኝ፤ በማዋለጃ ክፍል ስትቆም ከእንግዲህ ምን እንደምትሰማ ታውቃለች። ለእናቲቱ ደግሞ ቃሉ እንደተባለ፣ ያልተባለ ነገር እንዳልሰማች፣ በገዛ አንደበትዎ ይንገሯት። ዛሬም እርከኑ ላይ ናት። አሁን ልጇን አይደለም የምትጠብቀው፤ የልጇን ነገር አውቃለች። ያቺ ልጅ የነገረችኝን ከእነሱም አፍ ልስማው፣ እብድ አይደለሽም ይበሉኝና ልሂድ ነው የምትለው። ከቢሮዎ እስከ እርከኑ ያለው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ አያደክምዎትም።

ለሥልጠናው፣ ለእገዳው፣ ለእናቲቱም ላስቀረቡላት ውኃ ከነቤተሰቤ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ ሳይላላ፣ ግድግዳዎም ሳይሰነጠቅ ለብዙ ዘመን እንዲያገለግሉ የምመኝልዎ፣ ማኅተም ስለሌለኝ በፊርማዬ ላይ የብየዳ ጠብታ ያሳረፍኩ፣

ታዛዥዎ፣
የታገደችው ተማሪ አጎት፣ ሬዲዮ ጠጋኙ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጎማ፣ ከወገቧ በላይ ስለሌለች ሳትሰማ ለምታልፈው፤
ለሆስፒታሉ በር ጥበቃ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነበው።

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ችግሩን ለመፍታት ሲሉ ቁልፍ ሲጫኗት የምታለቅስ አዲስ ሚሚ ማስመጣትዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንዴት ሰማሁ ቢሉ፣ ለቅሶዋ አልቆም ብሎ የመለማመጃ ክፍሉ ሠራተኛ የትኛውን ጠጋኝ እንደመረጠ ሳያውቅ ወደ ሱቄ አምጥቷት ነበር። ጠግኜ መልሻታለሁ። ከእንግዲህ ቁልፏን ሲጫኑ አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ አታለቅስም፤ የትኛው እንደሚሆን የሠራኋትም እኔ አላውቅም፤ ተማሪዎቹ አዳምጠው የሰሙትን ይናገሩ። ክቡርነትዎም በርዎን ዘግተው አንድ ጊዜ ቢሞክሯት ደስ ይለኛል። ዝም ካለች ምን እንደሚሉ እዚያው ይለማመዱት፤ ታች እርከኑ ላይ የምትጠብቅዎ እናት አለች።