የአራት ቁጥር የመስኮት አልጋ

ይድረስ ለምወድህ ለእኅቴ ልጅ ለመለሰ፣ አሁን በወረቀት ላይ ወልደ ዮሐንስ ለምትባለው፤

እንደምን ከረምህ? እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህ ጽጌሬዳስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የአሰብ ሙቀትስ ቀለል አለላችሁ፣ ወይስ አሁንም ሸሚዝህን እየጨመቅህ ነው የምትለብሰው? እኔ አጎትህ አዳሙ፣ ከጉልበቴና ከጥርሴ በቀር ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ጥርሴን በሳቅ ጨረስሁት ብዬ ለሰው አወራለሁ፤ እናትህ ብርቄ ግን ስኳር ሲሰርቅ ነው የጨረሰው እያለች ታዋርደኛለች። እሷም ደኅና ናት። የላክህላትን ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መንገዱ ይጠባታል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልሰደድሁትም። በሹፌሩ በየሻው እጅ ነው የሚደርስህ። ብቻህን ስትሆን አንብበው፤ ካነበብኸው በኋላ ምን እንደምታደርገው አንተ ታውቃለህ።

ለኅዳር ሚካኤል ቤተሰቡ ሁሉ በመርከብ ከጎርጎራ ወደ ቁንዝላ ሊሄድ ነው። አክስትህ እንኳየሁ የልጇን የሐብተ ማርያምን ተዝካር ልታወጣ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ «ሞቷል ያለኝ ሰው የለም» ስትል ኖራ፣ ዘንድሮ ማንም ሳይጠይቃት በገዛ አፏ ይብቃኝ አለች። ቁንዝላ ይሁን ያለችውም፣ ልጄ በእግሩ ቆሞ የታየው መጨረሻ እዚያ ነው ብላ ነው።

እንደ ድሮው «የስም ዝርዝሩን አንተ ጻፍ» ተባልሁ። መርከቡ ያው ነው፤ አራት የመኝታ ክፍል፣ በየክፍሉ ሁለት ሁለት አልጋ፣ አንዱ በበሩ በኩል፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል። እናትህንና ባለቤቴን እጅጋየሁን አንድ ክፍል አደረግኋቸው፤ ሁለቱም ወሬ ሳይጨርሱ ስለማይተኙ ሌላው ሰው ይረፍ ብዬ ነው። ዝርዝሩን ልሰጥ ስነሣ እንኳየሁ መጣች።

በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል መቁጠሯን ያኔ ጽፌልህ ነበር። ልጇ የተወሰደበትን የመጀመሪያውን ጉዞ ዝርዝር ግልባጭ፣ በእኔ እጅ የተጻፈውን፣ ከሳጥኗ ሥር አውጥታ ይዛ ነበር። በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ እያለች፣ «ሁለት ቁጥር፣ በመስኮት በኩል፣ ሐብተ ማርያም» ብላ አነበበችልኝ። ቀጥላም «አዳሙ፣ ልጄ መጨረሻ የተኛበት አልጋ ላይ አንድ ቀን ልተኛ። ሁለት ቁጥርን ያዝልኝ» አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ፤ ያዝሁላትም። ልጇ ግን እዚያ አልጋ ላይ አልተኛም። ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። አንተም የምታውቀው ግማሹን ነው።

ሐብቴ ተንኮሌን እንዴት ይነቃብኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። ካኪ ኮት ያለውን ወዳጄን ወረቀት አስይዤ ቤቱ የሰደድሁት ጊዜ ትዝ ይልሃል? «ሽንት ቤት ባለመቆፈርህ ትፈለጋለህ» በለው ብዬው ነበር። ሐብቴ ደንገጥ ሳይል «ጥፋተኛ ነኝ፤ አካፋ ይዛችኋል?» አለና ሰውየውን ጓሮ ወስዶ እስከ ምሳ ድረስ አስቆፈረው። ወዳጄ ከዚያ ወዲያ ሳምንት አላናገረኝም።

በሰባ ዓ.ም. ጥር ለሰርግ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ በዝርዝሩ ሐብቴ ከእኔ ጋር ሁለት ቁጥር ነበር። አንተ ከነፍስ ኄር አያ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር አራት ቁጥር፣ በመስኮቱ በኩል። የእሳቸውን ማንኮራፋት አገር ያውቀዋል። ሐብቴ ደግሞ መንገዱን ሁሉ «እኔ ከተኛሁ ጣራው ቢፈርስም አልሰማ» ሲል ሰማሁት። ዝርዝሩን ለመርከቡ ሹም ከሰጠሁ በኋላ «ሹሙ ክፍል ቀየረ» ብዬ ዋሽቼ እሱን ወደ አራት ላክሁት፤ አንተን ወደ እኔ አመጣሁህ። አያ ተክለ ጊዮርጊስ በጨለማ ገብተው ተኙ፤ አጠገባቸው ያደረው አንተ እንደሆንህ እስኪሞቱ ያምኑ ነበር። እኔና አንተ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ትራስ ነክሰን ሳቅን። የሹሙ ወረቀት ግን እንደነበረ ነው። አራት ቁጥር ላይ የተጻፈው ያንተ ስም ነው።

ጠዋት መርከቡ ቁንዝላ ላይ ቆሞ ሳለ አንተ ዳቦ ልትገዛ ወርደህ ነበር። አያ ተክለ ጊዮርጊስ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጥተዋል፤ ሴቶቹ ገና አልተነሡም። ሁለት ሰዎች ወደ መርከቡ ወጡ። አንደኛው ካኪ ኮት ለብሷል፤ በእጁ ለሹሙ የሰጠሁትን የእኛን ዝርዝር ይዟል። አራት ቁጥርን አንኳኩ። እኔ ከእነሱ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሜ ነበር። «መለሰ ማን ነው?» አሉ።

ሐብቴ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ኮቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ በሰውየው ትከሻ አሻግሮ እኔን አየና ፈገግ አለ። «መለሰ ነኝ፤ አካፋ ይዛችኋል?» አላቸው።

የእኔ ቀልድ መስሎት ነው፣ መለሰ።

አፌን ከፍቼ ነበር። «እሱ አይደለም» ብል የሚከተለው «ታዲያ የታለ?» ነው፤ አንተ ደግሞ ጀርባህን ሰጥተህ ከዳቦ ሻጯ ጋር ዋጋ ትከራከራለህ። አፌን ዘጋሁ። እስከ መኪናው ድረስ ዘወር እያለ ያየኝ ነበር፤ «አሁንስ አይበቃህም?» እንደሚል ሰው። እናቱ ስትወጣ መኪናው ተነሥቶ ነበር። አንተን «ወጣት እየለቀሙ ነው» ብዬ ወደ ዳንግላ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ሰቀልሁህ። ስምህን ለውጥ አልሁህ፤ አሰብ እስክትደርስ አትቁም አልሁህ። ሐብቴ መያዙን ታውቃለህ። በማን ስም እንደተያዘ ዛሬ ገና ነው የነገርሁህ።

ከዚያ በኋላ እንኳየሁ ሰባት ወር ስንቅ ይዛ ከአንዱ እስር ቤት በር ወደ ሌላው ስትዞር አብሬአት ዞርሁ። በየበሩ «ሐብተ ማርያም የሚባል የለንም» ይሏት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ስም የገባ ሰው አልነበረም። «ለመለሰ ነው» ብትል ምናልባት ሳህኑ ይገባለት ነበር፤ እናቱ መምጣቷንም ያውቅ ነበር። ያን አንድ ቃል አጠገቧ ቆሜ ዋጥሁት። የተመለሰውን ስንቅ በመንገድ ለለማኝ ስትሰጥ ሳህኑን የምይዝላት እኔ ነበርሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ስቀልድበት ፈገግ ካለ ፊቱ የሐብቴ ይሆንብኛል። ቀልዴን ግን አልተውሁም፤ ብተው ምነው ብለው ይጠይቁኛላ።

ሌላም የሚያባንነኝ ነገር አለ። ፈገግታው የሆነ ቦታ ላይ ጠፍቷል፤ መንገድ ላይ ይሁን ከገባ በኋላ አላውቅም። ቀልድ አለመሆኑን ሲረዳ «እኔ መለሰ አይደለሁም» ቢል ኖሮ አንተን ፍለጋ እናትህ ቤት በመጡ ነበር። ቀን ቆጠርሁ፣ ወር ቆጠርሁ። አንድም ሰው አልመጣም።

ባለፈው ማክሰኞ ጎርጎራ ወረድሁና እንኳየሁን ከሁለት ቁጥር ወደ አራት ቁጥር አዛውሩልኝ አልሁ። ጸሐፊዋ ልጅ «ምነው አያ፣ ሁሉም ክፍል ያው አይደል?» አለችኝ፤ ምክንያቱን መጻፍ አለባት። ዓይኔን ወደ ሐይቁ መለስሁ። እሷም እያየችኝ «አንኮራፊ አለባችሁ እንዴ?» ብላ ሳቀችና እንደዚያው ጻፈችው። ወረቀቱ እነሆ ኪሴ ውስጥ ነው፦ እንኳየሁ፣ አራት ቁጥር፣ በመስኮት በኩል፤ የተቀየረበት ምክንያት፣ ማንኮራፋት።

ይህን ደብዳቤ ለየሻው እንደሰጠሁ ወረቀቱን ይዤላት እሄዳለሁ። ታነበዋለች፤ ምነው አራት ሆነ ትለኛለች፤ ያን ጊዜ የጻፍሁልህን ሁሉ እነግራታለሁ። ሳታውቅ ሌላ አልጋ ላይ አልቅሳ እንድትመለስ አላደርጋትም፤ ሳታውቅም ትክክለኛው አልጋ ላይ አላስተኛትም። ፈቃድህን አልጠየቅሁህም፤ ብጠይቅህ እንቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። እናትህም ትሰማለች። ሁለቱ እኅቶች ከዚያ በኋላ አንድ መርከብ ላይ ይውጡ አይውጡ አላውቅም። ያኔ የተከለከለ ወረቀት ማንበብህና ማስነበብህ ጥፋት ነው አላልሁም፤ አልጋውን የቀየርሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ። ከአንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጻፍላት። ወልደ ዮሐንስ ብለህ ሳይሆን መለሰ ብለህ።

እናትህ ብርቄ ጉንጭህን ትስማለች፤ ዓሣ ብቻ እየበላ ሰውነቱ አልቆ ይሆን ትላለች። እጅጋየሁ ጽጌሬዳንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ ብላለች፤ በርበሬውን ለየሻው የሰጠችው እሷ ናት፣ ቢጎድል እሱን ጠይቁ። አይከል ያሉት ዘመዶችም ሁሉ ደኅና ናቸው።

አክስትህ እንኳየሁም ሰላም ብላሃለች። ትናንት ለአንተ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት አጠገቤ ተቀመጠችና ይህን ጨምርልኝ አለች፦ «ልጄ ከእኔ የደበቀው ምን ነበር? ምን አድርጎ ወሰዱት? እኩያው አንተ ነበርህ፣ ምናልባት ነግሮህ እንደሆነ ጻፍልኝ። አሁን ራሴ አነበዋለሁ።»

አጎትህ አዳሙ

ጎንደር፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.