ለሬሳ የታዘዘ ማተብ

ኅዳር 9 ቀን 1973፣ ነፋስ ስልክ

ጎረቤቴ ዘነበች ዛሬ ጠዋት ሞተች።

ጴንጤ ስትሆን ማተቧን በጥሳ ነበር። የእድራችን ዳኛ ግዛው ባሏን ደጃፉ ላይ አቁሞ፣ «ማተብ ካላሰርንላት ድንኳንም ቀብርም የለም» አለው።

«ጋሼ ግዛው፣ በቁሟ እንቢ ያለችውን ሞታ ላስርባት?» አለ ባሏ።

ግዛው ወደ እኔ ዞረ። «ክር ገዝተህ ና። ሬሳ አይከራከርም» ብሎ ሳቀ።

መሳሳቷን እኔም አምናለሁ። ግን ከእኛ መሐል ቁጭ ብሎ ያስረዳት አንድም ሰው የለም። ጴንጤ ናት ብለን ለቀበሌ ለመጠቆም ግን አልሰነፍንም። አሁን ደግሞ ከሬሳዋ ጋር ገጥመን ልንረታ ነው።

ሱቅ ገብቼ የማተብ ክር ጠየቅሁ። ባለሱቁ ፊቱ በራ። «ክርስትና አላችሁ? እንኳን ማርያም ማረቻችሁ!» አለና ክሩን ይለካ ጀመር።

ለክቶ ሳይጨርስ ጥዬው ወጣሁ።