የቅዳሜው ማጠናከሪያ

ለልጄ፤

ስልሳ ስምንት ሞላኝ። ሰሊጤን ዛሬም ራሴ አጭዳለሁ፣ ነዶውን ራሴ አቆማለሁ፣ ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ራሴ እጽፋለሁ። ፊደሉ ቢወላገድ አትሳቂብኝ፤ ዓይኔ ደክሞ ሳይሆን ወረቀቱ መስመር ስለሌለው ነው። አንቺስ እንዴት ከረምሽ? የጎንደር ብርድ አልጎዳሽም? እህትሽ እመቤት ደኅና ናት። ደኅና ናት ስልሽ እመኚኝ።

የምደውለው ከበሽር ሱቅ ነው፤ እዚያ ጆሮ ይበዛል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

መምህር ለይኩን ስኳር ይዞ ቤቴ መጣ። ጋሽ ደምለው፣ የእመቤት ጭንቅላት ብሩህ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ በነፃ ማጠናከሪያ ላስተምራት፤ ብቻ ለማንም አይንገሩ፣ ወላጁ ሁሉ ይቀናል አለኝ። የጎበዝ ልጅ አባት ነኝና ደረቴ ተነፋ። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳይደርስ ከሰሊጡ ጆንያ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የእመቤት ፊት አመድ መሰለ። መምህር ናቸው የሰጡኝ፤ ለአባትሽ ከነገርሽ ትምህርትሽ አበቃ ብለውኛል አለች። ሌላስ ምን አሉሽ ብላት፣ ቅዳሜ ስትመጪ ለቀሚስ እለካሻለሁ ብለውኛል አለችኝ።

ያን ዕለት ደወልሁልሽ። የመምህሩን ስም ብነግርሽ፣ ስሙን ይድገሙልኝ አልሽኝ። ትንፋሽሽን ሰማሁት። ከዚያ፣ አባባ፣ ብቻዋን እንዳይልኳት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመንጃም እንዳይነኩ አልሽና ስልኩ ተዘጋ።

ቅዳሜ በርጩማዬን ተሸክሜ አብሬያት ሄድሁ። መምህር፣ እኔም ልማር አልሁት። ሳቀብኝና፣ ጋሽ ደምለው፣ በዚህ ዕድሜ ምን ሊገባዎት ነው አለኝ። የማይገባኝን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ አልሁት። ቤቱ አልጋ እንጂ ጠረጴዛ የለውም። መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል። በርጩማዬን በሩ አፍ ላይ አኖርሁ፤ በሩም አልተዘጋ። እመቤት ከጎኔ ቆማ አነበበች። ላብ ያጠመቀው እሱን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማጠናከሪያው ቀርቷል አለን። እኔም አባረርሁት ብዬ ጢሜን አሻሸሁ።

ትናንት በሽር ጠራኝ። ፊቱ ፈክቷል። ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ ያንተ ልጅ ብቻ አይደለችም ብሩህ! መምህር ለይኩን ሉባባዬን ቅዳሜ በነፃ ሊያስጠናልኝ ነው፤ ለማንም አትንገር ብሎኛል፣ ላንተ ግን አላስችል አለኝ ብሎ ሳቀ። ሉባባ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ ነበር። አላየችኝም። እጇ ኪሷ ውስጥ የሆነ ነገር ጨብጧል። ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበርና ሳልነግረው ጨው ገዝቼ ወጣሁ። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ጠመንጃው እስካሁን ግድግዳው ላይ ነው።

ነገ ቅዳሜ ነው።

እግዚአብሔር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ደጅሽን ሰላም ያድርገው፤ የእናትሽን ነፍስ ይማርልን።

ያለብኝ ዕዳ ይህ ነው፤ ማንም አይከፍልልኝም፣ ራሴ እከፍለዋለሁ። የበሽር፦ ዛሬ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ያገኘኛል፤ የራሴን ደጅ ብቻ ዘግቼ ዝም ማለቴን ከነስኳሩ እነግረዋለሁ። የሉባባ፦ አባቷ ባያምነኝ እንኳ በርጩማዬ ነገ እዚያው በር ላይ ነው። የእመቤት፦ ሰኞ ሸሕዲ ከተማ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ መምህሩ የሰጣትን ስልክ ይዛ ስትናገር ከጎኗ ልቀመጥ፣ አፌን ግን ልዘጋ ምያለሁ፤ ይህ ከሁሉ ይከብደኛል። ያንቺ፦ ስምንተኛ ክፍል ላይ የዚሁን የለይኩንን ትምህርት ጥለሽ በጭነት መኪና የሄድሽ ጊዜ፣ በርጩማው እቤት ነበረ። አልጠይቅሽም። የዚህን ዕዳ ልክ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ከፋዩ ግን እኔ ነኝ።

አባትሽ