መምህር ወልደ ሐዋርያት አምባዬ፦ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማንበብን ያስተማሩ ሰው

መምህር ወልደ ሐዋርያት ከአባታቸው ከአቶ አምባዬ ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብዙነሽ ደምሴ፣ እንጦጦ ማርያም አጠገብ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ለዘመናዊው ትምህርት ግን ዳገቱን በየቀኑ መውረድና መውጣት ነበረባቸው። ከመምህራን ማሠልጠኛ በአማርኛ ትምህርት ተመርቀው፣ በ1969 ዓ.ም. በዛሬው የካ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። የትምህርት ቤቱ ስም እዚህ እንዲጠራ ቤተሰቡ አልፈቀደም።

በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዘቢደር ኃይሌ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሲግናል አካባቢ ኑሮ መሠረቱ። እየሩስንና በርናባስን ወልደው አሳድገዋል።

ግጥም ሲያስተምሩ መጀመሪያ ድምፅ አውጥተው ያስነብቡና “ማን ነው የሚናገረው? ለማን?” ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ሳይመለስ ቤት ስለ መምታቱ ማውራት በእሳቸው ክፍል ክልክል ነበር። አጭር ልብ ወለድ ከሆነ፣ ባለታሪኩ መመለስ እየቻለ ያልተመለሰባትን አንዲት ቦታ ተማሪው ፈልጎ በጣቱ እንዲያሳያቸው ያዛሉ። ረጅሙን ልብ ወለድ አሳጥሩልኝ ብለው አያውቁም፤ ይልቁንም ዋናው ሰው መጀመሪያ ምን ይፈራ እንደነበር፣ በመጨረሻስ ምን እንደሚፈራ ፈልጉ ይላሉ። ተውኔት ደግሞ ተቀምጦ አይነበብም። ወንበሩ ወደ ግድግዳ ይገፋና ተማሪው እየተራመደ ያነባል። “ጌታው፣ ተጣልተህ ነው የመጣኸው ወይስ ዳቦ ልትገዛ? እግርህ እኮ አልተቆጣም!” ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. በወላጆች በዓል ላይ፣ ርእሰ መምህሩ አቶ ምንያህል ስለ ትምህርት ቤቱ የጻፉትን ግጥም አነበቡ። ቀጥለውም መምህር ወልደ ሐዋርያትን ወደ መድረክ ጠርተው፣ ግጥም እንዴት እንደሚተነተን ለወላጆች እንዲያሳዩ ጋበዟቸው። እሳቸውም እንደ ትምህርት ጥያቄ ወሰዱት። “ቤቱ ይመታል” አሉ። “ማን ለማን እንደሚናገር ግን አይታወቅም። ከግጥሙ ውስጥ የትምህርት ቤታችንን ስም አውጥተን የወፍጮ ቤት ስም ብንተካበት ምንም አይጎድልበትም።” መጀመሪያ አንድ ተማሪ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ደረሳቸው። ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ መጻሕፍት መጋዘን ተዛውረዋል ይላል።

ያን ዕለት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያልተቆጨ አልነበረም። “ጋሼ፣ ምናለ ‘ግሩም ነው’ ብለው ቢወርዱ?” ሲሏቸው፣ “ተንትን ተባልኩ እንጂ አመስግን መቼ ተባልኩ?” ብለው መለሱ። ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሲዘጋጅ ሁሉም እፈርማለሁ አለ። የፈረመው ግን የስፖርት መምህሩ ኢታና ብቻ ነው። ያልፈረማችሁት ዛሬ እዚህ ቆማችኋል። ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

በመጋዘኑ ስምንት ዓመት ቆዩ። መጽሐፍ ሊወስዱ የሚመጡ ተማሪዎችን በመስኮቱ በኩል ስላነበቡት ነገር ይጠይቋቸው ነበር። ይህም “ሰልፍ ያስረዝማል” ተብሎ በጽሑፍ ተከለከለ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደ ክፍል ለመመለስ ያመለክታሉ፤ መልስ አይመጣም። በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የመጨረሻው ማመልከቻቸው መልስ እንዳላገኘ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ዓይናቸው ጨርሶ ማየት አቆመ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ እየተፈራረቀ ያነብላቸው ነበር። በችኮላ ያነበበ ሰው ከገጹ ራስ እንዲጀምር ይደረግ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በዓል ሲያከብር “ጋሼ፣ መድረክ ላይ እንፈልግዎታለን” ተብሎ ተደወለ። እሳቸው ሊያስተምሩ የተጠሩ መሰላቸው። አንድ አጭር ልብ ወለድ መርጠው፣ ቃል በቃል እስኪይዙት ድረስ ሦስት ሳምንት አስነበቡ። በዕለቱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በእየሩስ ክንድ ተደግፈው ሄዱ። መድረክ ላይ በመስታወት የተለበጠ ሰርተፊኬት እጃቸው ላይ አደረጉላቸውና ተጨበጨበ። ማይክራፎኑን ሲጠይቁ “ሰዓት የለም” ተባሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ታክሲ ውስጥ፣ “እስቲ አንብቢልኝ” አሏት። እየሩስ ልትዘለው ፈልጋ ነበር፤ አባቷ ግን መዘለሉን የሚያውቁ ሰው ናቸው። “ለረጅም ዓመታት በመጋዘን ሠራተኝነት ላበረከቱት አስተዋጽኦ” ይላል። “ድገሚው” አሉ። ደገመችው። ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፍ አንብቡልኝ ብለው አያውቁም።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ሰርተፊኬቱ ዛሬ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ትምህርት ቤቱ መልእክት ልኮ ነበር። ወ/ሮ ዘቢደር “የመጋዘን ሠራተኛ አላገባሁም” ብለው መልሰውታል። ሰው የነፈጋቸውን ስም እግዚአብሔር አይንፈጋቸው። መምህር ብሎ ይቀበልልን። አሜን።