ሄሮድስን ለመጫወትሽ ማስረጃ

ልጄ ሐዳሳ፣ ጌታ ናይሮቢ ላይ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷ ተሽሏት ጃጁራ ገበያ ደርሳ መጣች። ላሟም ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት።

ለትወና ሥራ ዓርብ የምታስገቢውን ሲቪ ስልኬ ላይ አየሁት። «ልምድ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ልጄ፣ እንዴት ባዶ ይሆናል? ቁጭ ብዬ ዘረዘርኩልሽ። አንደኛ፣ በስድስት ዓመትሽ በገና ድራማ በግ ሆነሻል። ሁለተኛ፣ መልአክ። ሦስተኛ፣ ሆሴዕ ታሞ የቀረ ጊዜ በሱ ፈንታ ሄሮድስን ተጫውተሽ የሰንበት ትምህርት ሕፃናትን በሙሉ አስለቅሰሻል።

ዝርዝሩን ይዤ ማኅተም ላስመታ ቤተክርስቲያን ቢሮ ሄድኩ። ሽማግሌው ጋሽ ዋለን ሳቅ አላስጽፍ አላቸው።

«ልጅትዋ ሄሮድስ ነበረች ብዬ ማኅተም ልምታ?»

«ይምቱልኝ እንጂ፣ ሥራ ልትገባበት ነው!»

መቱልኝ፤ ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ሲቪው ላይ «ቋንቋ» በሚለው ቦታ ደግሞ ሀዲይኛን መጻፍ ረስተሻል፣ ጨምሪ።

አንድ ያልነገርኩሽ አለ። ሄሮድስ የሆንሽ ቀን «ድራማ ሥራ አይደለም፣ አልመጣም» ብዬሽ ነበር። መጥቻለሁ። በሩ ጋ ቆሜ እስከ መጨረሻው አይቼሻለሁ። ስለዚህ «ምስክር» የሚለው ላይ የኔን ስምና ስልክ ጻፊ። በእንግሊዝኛ ቢደውሉም አልፈራም፣ የምመልሰውን ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ይዣለሁ።

ጌታ በሚያዩሽ ሰዎች ፊት ሞገስ ይስጥሽ። የሚደውሉበትን ቀን ብቻ አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እንድጠብቅ።

አባትሽ