«ዳነ» ያልኩት ዓይኔ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ስፌት መኪናው ላይ ዋልኩ። ሙቀት... የመዘምራኑን ቀሚስ ጨረስኩ።
ዓይኔ አልዳነም። ይኸው፣ ጻፍኩት።
ሚስቴ ኛቡዋይ በሕይወት እያለች፣ በጸሎት ጉባኤ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኩዎል እጁን ጭኖብኝ «ታያለህ?» አለኝ። «አያለሁ» አልኩ። መነጽሬን እዚያው መድረክ ላይ ረገጥኩት። እልልታ ሆነ። ያየሁት ግን የኩዎልን ፊት ብቻ ነበር፣ ቅርብ ስለነበረ።
ዛሬም ክር በመርፌ ሳሾልክ የጉባኤው ሰዎች «ምስክሩን እዩት» ይላሉ። ቅርብ መቼ ተስኖኝ ያውቃል? መስፋቴን እቀጥላለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
የልጄ የኛጃል አስተማሪ አስጠራኝ። ከሰሌዳ አትገለብጥም፣ ሰነፍ ናት አለ።
«አባባ፣ መነጽር ግዛልኝ።»
«ጸልዪ።»
«አንተ ጸልየህ አይደል? ትናንት የጎረቤታችንን ልጅ ኛቶክን፣ እኔ መስላህ ስትቆጣ ዋልክ።»
ሰኞ ክሊኒክ እወስድሻለሁ አልኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
ክሊኒክ ወሰድኳት። የዓይን ባለሙያው አሸብር እሷን መርምሮ ወደ እኔ ዞረ። «አቶ ላም፣ እርስዎም ይቀመጡ። ይሄ በዘር ይሄዳል።»
እኔንም መርምሮ፣ ዓይናችን እንደ ኳስ ክብ አይደለም አለ። እንደ እንቁላል ወደ ኋላ ረዝሟል። የሩቅ ነገር ብርሃን ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲናው ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል፤ ለዚህ ነው የሚደበዝዘው።
«ቅርቡስ ለምን ይጠራል?»
«የቅርቡ ብርሃን ወደ ኋላ ገፋ ብሎ ነው የሚሰበሰበው። ሬቲናው ላይ ያርፋል።»
መርፌዬ እንግዲህ... የዓይኔ ቅርጽ እንጂ ተአምር አልነበረም።
«ሬቲናዎ ተለጥጦ ሳስቷል። ብልጭታ ካዩ፣ ጥላ እንደ መጋረጃ ከጋረደዎ፣ ያኔውኑ ይምጡ። ከተቀደደ ዓይኑን ሊያጡት ይችላሉ።»
መነጽር ዓይኑን አያሳጥረውም፤ ብርሃኑን ቦታው ያደርሰዋል። ለሁለታችንም አዘዘ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7
መነጽሮቹ ከአዲስ አበባ መጡ። ኛጃል ሳጥኑን አልከፈተችም። «አንተ ካላደረግህ አላደርግም። እምነት የላትም ይሉኛል።»
ኩዎል ሱቄ መጣ። ስለ መነጽሩ ሰምቷል።
«ወንድም ላም፣ ቤትህ አድርገው። ጉባኤ ፊት ግን ደካሞች ይሰናከላሉ።»
«እስከ ዛሬ የተሰናከልኩት እኔ ነኝ፣ በየቦዩ።»
አልሳቀም። «ምስክርነትህን ታፈርሳለህ።»
«የእኔ ነው። አፈርሰዋለሁ።»
ጌታ ሆይ፣ መፈወስ እንደምትችል አልጠራጠርም። ያልሰጠኸኝን ተቀበልኩ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ ለምን በእኔ ውሸት ትታወር?

እሑድ፣ ኅዳር 8
መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። ሹክሹክታ... በምስክርነት ሰዓት ማንም ሳይጠራኝ ማይኩን አነሳሁ።
«ያን ቀን አላየሁም። ጌታ አልዋሸም፤ እኔ ዋሸሁ። የእኔም የልጄም ዓይን ከልኩ በላይ ረዝሟል። ሰሌዳ የማያይ ልጅ ያላችሁ፣ ጸልዩለት፤ ክሊኒክም ውሰዱት።»
ኩዎል «በቃ፣ ተቀመጥ» አለ።
«ስጨርስ» አልኩት።
ኛጃል ሳጥኗን ከፈተች። መነጽሯን አደረገች፣ ሰው ሁሉ እያያት።
ጨረስኩ። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። እስከ ቡራኬው አላወለቅሁም።